ሎደሩ የሚጠራው ስም ነው፦ ሊኑክስ ላይብረሪዎቹን የት ይፈልጋል፣ ሲያጣስ ምን ይላል?

ከአዲስ አበባ በፍላሽ የመጣ የሊኑክስ ፕሮግራም ደብረ ብርሃን ወይም መሐል ሜዳ ያለ ኮምፒውተር ላይ ይገለበጣል፤ ተርሚናል ተከፍቶ ስሙ ይጻፋል፤ የሚመጣው መልስ አንድ መስመር ነው፦ «የጋራ ላይብረሪ ሲጫን ስህተት፦ ሊብዘመን.ኤስኦ.1ን መክፈት አልተቻለም፤ እንዲህ ያለ ፋይል ወይም ፎልደር የለም»። ላይብረሪ ማለት ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት የተዘጋጀ ኮድ የያዘ ፋይል ነው። ኢንተርኔት እንደ ልብ ያለው ሰው እንደገና አውርዶ እንደገና ይጭናል፤ አንዳንዴ ምክንያቱን ሳያውቅ ይስተካከልለታል። ፍላሽ በሚኒባስ በሚላክበት፣ ፓኬጅ በሞባይል ዳታ በሚወርድበት በእኛ በሰሜን ሸዋ ግን በግምት መሥራት ዋጋ ያስከፍላል። ደግነቱ መገመት አያስፈልግም። ሎደሩ፣ ማለትም ፕሮግራም ሲነሣ ላይብረሪዎቹን ፈልጎ የሚያያይዝለት የሲስተሙ ክፍል፣ ምን እንደሚፈልግ፣ የት እንደሚፈልግና የቱን እንደሚያስቀድም ፕሮግራሙ ውስጥና ሲስተሙ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ማንበብ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ሊብዘመን ለምሳሌ ያህል ያወጣሁት ስም ነው፤ ቀንን ከፈረንጆች ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚቀይር ትንሽ ላይብረሪ እንበለው። ትእዛዞችንና የፋይል ስሞችን እዚህ በድምፃቸው በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ የምትተይቧቸው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

ከርነሉ የት ድረስ ይሠራል?

ፕሮግራም ሲጠራ ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ የፋይሉን መጀመሪያ ያነባል። ኤልፍ በሚባለው ፎርማት የተሠራ ፋይል በመጀመሪያዎቹ 4 ባይቶች ይታወቃል፦ አንደኛው በሄክስ 7ኤፍ፣ የቀሩት ሦስቱ ኢ፣ ኤል እና ኤፍ ናቸው። ከርነሉ ቀጥሎ የፕሮግራም ሄደር ሠንጠረዡን አይቶ «ሎድ» የተባሉትን ክፍሎች ሜሞሪ ላይ ቦታ ያስይዛቸዋል። ላይብረሪ ፍለጋ ግን የከርነሉ ሥራ አይደለም። ሠንጠረዡ ውስጥ «ኢንተርፕ» የሚል ክፍል ካለ እዚያ የተጻፈውን የሎደር አድራሻ ያነባል፤ ባለ64 ቢት ኢንቴልና ኤኤምዲ ማሽን ላይ /ሊብ64/ኤልዲ-ሊኑክስ-ኤክስ86-64.ኤስኦ.2 ነው። ይህንንም ፋይል ሜሞሪ ላይ ያስቀምጥና ሥራውን ለሱ ያስረክባል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ፣ የእናንተ ሜይን ፋንክሽን (የፕሮግራማችሁ መነሻ) እስኪጀምር ድረስ፣ የሚሠራው ሎደሩ ነው። ሎደሩ ራሱም የጋራ ላይብረሪ ስለሆነና ቀድሞት የሚያስተካክልለት ስለሌለ መጀመሪያ የራሱን አድራሻዎች ያስተካክላል።

እዚህ ላይ ሰውን ብዙ የሚያደናግር ስህተት አለ። ፕሮግራሙ ፎልደሩ ውስጥ እንዳለ ኤልኤስ (ፋይሎችን የሚዘረዝረው ትእዛዝ) ያሳያችኋል፤ ስትጠሩት ግን ሼሉ፣ ማለትም ተርሚናል ላይ ትእዛዛችሁን የሚቀበለው ፕሮግራም፣ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይላል። የጠፋው ፕሮግራሙ አይደለም፤ ኢንተርፕ ላይ የተጻፈው ሎደር ነው። አዳዲሶቹ የባሽ (የተለመደው ሼል) ቅጂዎች «የሚያስፈልገው ፋይል አልተገኘም» ብለው ትንሽ ያብራሩታል፤ የቆዩት ግን በደፈናው የለም ይላሉ። የተለመዱት ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ባለ32 ቢት ፕሮግራም ንጹሕ ባለ64 ቢት ሲስተም ላይ ሲመጣ ነው፤ የሚፈልገው ሎደር /ሊብ/ኤልዲ-ሊኑክስ.ኤስኦ.2 እዚያ የለም። ሁለተኛው ለአልፓይን ሊኑክስ የተሠራ ፕሮግራም ኡቡንቱ ላይ፣ ወይም የኡቡንቱው አልፓይን ላይ ሲሞከር ነው፤ አልፓይን መስል የሚባለውን ሲ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚቆሙበትን መሠረታዊ ላይብረሪ) ስለሚጠቀም ሎደሩም ሌላ ነው። «ፋይል» የሚለውን ትእዛዝ ፕሮግራሙ ላይ ብትሰጡ የቢቱን ልክና የሚፈልገውን ሎደር በአንድ መስመር ይነግራችኋል። የ32 ቢቱ ጉዳይ ከሆነ በኡቡንቱ ላይ «ዲፒኬጂ --አድ-አርኪቴክቸር አይ386» ብሎ፣ የፓኬጅ ዝርዝሩን አድሶ፣ ሊብሲ6፡አይ386 የሚባለውን ፓኬጅ መጫን ይበቃል።

ስም ይዞ መፈለግ

ሎደሩ ከተነሣ በኋላ ፕሮግራሙ ውስጥ «ኒድድ» የተባሉትን መስመሮች ያነባል። እያንዳንዱ መስመር የያዘው የላይብረሪ ስም ነው እንጂ አድራሻ አይደለም፤ እንደ አድራሻ የሚቆጠረው ስሙ ውስጥ ስላሽ ሲኖር ብቻ ነው። መጀመሪያ የፕሮግራሙን የቅርብ ላይብረሪዎች ሁሉ ይጨርሳል፤ ከዚያ የነሱን ላይብረሪዎች፣ ከዚያ የእነዚያን፣ እንዲህ በደረጃ ይወርዳል። ሎደሩ መሐል ሜዳ ገበያ ሰው ፍለጋ እንደገባ እንግዳ ነው፦ የተነገረውን ስም ይጠራል፣ መጀመሪያ «አቤት» ያለውን ይዞ ይሄዳል። በቢት ልክ የማይገጥመውን አልፎ ፍለጋውን ይቀጥላል፤ ከዚያ ውጭ ግን «አንተ ነህ ወይ ትክክለኛው?» ብሎ ብዙ አይጠይቅም። ስለዚህ የሚጠራበት ቅደም ተከተል ሁሉን ይወስናል።

ጂሊብሲ የሚባለው ሲ ላይብረሪ ባለበት ሲስተም ላይ፣ ማለትም ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ ፌዶራና የመሳሰሉት ላይ፣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ፋይሉ ውስጥ የተጻፈው አርፓዝ የሚባለው የፎልደሮች ዝርዝር ይታያል፤ ይህ የሚሆነው ራንፓዝ የሚባለው ከሌለ ብቻ ነው። ቀጥሎ ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ የሚባለው ቫሪያብል (ተርሚናል ላይ የሚሰጥ የፎልደሮች ዝርዝር)፣ ቀጥሎ ራንፓዝ፣ ቀጥሎ /ኢቲሲ/ኤልዲ.ኤስኦ.ካሽ፣ በመጨረሻ /ሊብ እና /ዩኤስአር/ሊብ። አርፓዝና ራንፓዝ ቢመሳሰሉም ሁለት ልዩነት አላቸው። አርፓዝ ከቫሪያብሉ በፊት ይታያል፣ ራንፓዝ በኋላ። አርፓዝ ለልጅ ላይብረሪዎችም ይሠራል፤ ራንፓዝ ግን የሚያገለግለው በተጻፈበት ፋይል ቀጥተኛ ኒድድ ላይ ብቻ ነው። «የመጀመሪያውን ላይብረሪ አገኘው፣ የሱን ግን አጣው» የሚል ችግር ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ። በዛሬዎቹ ብዙ ሲስተሞች ላይ ለሊንከሩ (ፕሮግራም ሲሠራ ክፍሎቹን ለሚያገጣጥመው መሣሪያ) አርፓዝ ብላችሁ ብትሰጡት ፋይሉ ላይ የሚጽፈው ራንፓዝ ነው።

ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ ለሙከራ ጥሩ መሣሪያ ነው። በቋሚነት ባሽአርሲ (ተርሚናል ሲከፈት የሚነበበው ፋይል) ውስጥ ሲጻፍ ግን ከሱ የከፋ የችግር ምንጭ አላውቅም። ቫሪያብሉ ከዚያ ተርሚናል ለሚነሣ ፕሮግራም ሁሉ ይተርፋል። አንድ የሒሳብ ፕሮግራም የራሱን አሮጌ ሊብኤስቲዲሲ++ (የሲ++ ላይብረሪ) በዚህ መንገድ ካስገባ፣ ከሱ ውስጥ የሚከፈተው ብራውዘርም ያንኑ አሮጌ ላይብረሪ አግኝቶ ሳይነሣ ይቀራል። ሌላው ወጥመድ ኮለን ነው። ቫሪያብሉ ባዶ ሆኖ ሳለ «የድሮው ዋጋ፣ ኮለን፣ አዲሱ ፎልደር» ብላችሁ ብትጽፉ የሚወጣው በኮለን የሚጀምር ጽሑፍ ነው፤ ሎደሩ ደግሞ ከኮለን በፊት ያለውን ባዶ ቦታ «አሁን ያለሁበት ፎልደር» ብሎ ይተረጉመዋል። የምትቆሙበት ፎልደር በተለወጠ ቁጥር ፕሮግራሙ አንዴ ሠርቶ አንዴ እንቢ ሊል ይችላል፤ ከደኅንነት አንጻርም አደገኛ ነው።

በተጨማሪ በሱዱ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን በሚያስነሣው ትእዛዝ) ስትጠሩት ቫሪያብሉ ይጠፋል። «ያለ ሱዱ ይሠራል፣ በሱዱ ላይብረሪ የለም ይላል» የሚለው ጥያቄ መልሱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ ሱዱ እነዚህን ቫሪያብሎች ጠርጎ ነው የሚነሣው። ሴትዩአይዲ (በፋይሉ ባለቤት ሥልጣን እንዲነሣ የሚያደርግ ምልክት) ያለበትን ፕሮግራም ሲያነሣም ሎደሩ ራሱ ችላ ይላቸዋል፤ ያ ባይሆን ኖሮ ማንም ተራ ተጠቃሚ የራሱን ላይብረሪ አስገብቶ ሩት (የሲስተሙ ሙሉ አዛዥ) በሆነ ነበር። ፖርት 80ን ለመክፈት በሴትካፕ ልዩ ፈቃድ የተሰጠው ፕሮግራምም በዚሁ ሕግ ይገዛል፤ ትናንት በቫሪያብሉ ሲሠራ የነበረው ሴትካፕ ከተሰጠው በኋላ ላይብረሪ አጣሁ ይላል።

ፕሮግራም ለሌላ ማሽን አዘጋጅቶ መላክ ከሆነ ሥራችሁ፣ የኔ ምርጫ «ዶላር ኦሪጅን» ነው። ራንፓዝ ውስጥ ይህ ሲጻፍ ሎደሩ «ፕሮግራሙ ራሱ ያለበት ፎልደር» ብሎ ይተካዋል። ስለዚህ ቢን የሚል ፎልደር ውስጥ ፕሮግራሙን፣ ሊብ የሚል ፎልደር ውስጥ ላይብረሪዎቹን አድርጋችሁ ራንፓዙን «ዶላር ኦሪጅን/../ሊብ» ብትሉት፣ ፎልደሩ ዓለም ከተማም ሸዋ ሮቢትም ይገልበጥ፣ ሆምም ኦፕትም ውስጥ ይቀመጥ፣ ይሠራል። ሲጻፍ በነጠላ ጥቅስ ውስጥ ይሁን፤ አለዚያ ሼሉ እንደራሱ ቫሪያብል ቆጥሮ ባዶ ያደርገዋል። ሜክፋይል ውስጥ ደግሞ የዶላሩ ምልክት ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ሶርስ ኮዱ የሌላችሁ ፕሮግራም ከሆነ ፓችኤልፍ በሚባለው መሣሪያ ራንፓዙን ያለቀለት ፋይል ላይ መቀየር ይቻላል።

ካሹ በኤልዲኮንፊግ የሚሠራ ባይነሪ ፋይል ነው። /ኢቲሲ/ኤልዲ.ኤስኦ.ኮንፍ እና ኤልዲ.ኤስኦ.ኮንፍ.ዲ ውስጥ የተጻፉትን ፎልደሮች ይቃኝና ስምና አድራሻ መዝግቦ ያስቀምጣል። ሎደሩ የሚያየው ይህን መዝገብ ስለሆነ፣ ኡቡንቱ ላይ /ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ ውስጥ ላይብረሪ ካስቀመጣችሁ በኋላ «ሱዱ ኤልዲኮንፊግ» ካላላችሁ ፋይሉ ቁጭ ብሎ እያያችሁት የለም ይላችኋል። ሬድሃትና ዘመዶቹ ላይ ደግሞ ያ ፎልደር ከመጀመሪያውም ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ኮንፍ.ዲ ውስጥ አንድ መስመር ጽፎ መጨመር ያስፈልጋል። መዝገቡ ውስጥ ያለውን ለማየት «ኤልዲኮንፊግ -ፒ» በሉ።

ሦስቱ ስሞች

አንድ ላይብረሪ ሦስት ስም አለው፤ የችግሩ ግማሽ የሚመጣው እነዚህን ከማደባለቅ ነው። ሊብዘመንን ስንሠራ ትእዛዙ እንዲህ ነው፦

ጂሲሲ -ሼርድ -ኤፍፒአይሲ -ደብሊውኤል,-ሶኔም,ሊብዘመን.ኤስኦ.1 -ኦ ሊብዘመን.ኤስኦ.1.0.0 ዘመን.ሲ

ሊብዘመን.ኤስኦ.1.0.0 የእውነተኛው ፋይል ስም ነው። ሊብዘመን.ኤስኦ.1 ፋይሉ ውስጥ የተጻፈው ሶኔም ነው። ቁጥር የሌለው ሊብዘመን.ኤስኦ ደግሞ ፕሮግራም ስትሠሩ «-ኤልዘመን» ስትሉ ሊንከሩ የሚፈልገው ነው። ሊንከሩ በሦስተኛው ስም አግኝቶ ይከፍተውና ከውስጡ ሶኔሙን አንብቦ ያንን ፕሮግራሙ ኒድድ ላይ ይጽፋል። ስለዚህ በኋላ ፕሮግራሙ ሲነሣ የሚፈለገው ሁለተኛው ነው። ኤልዲኮንፊግ ከሶኔሙ ወደ እውነተኛው ፋይል የሚያመለክተውን ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም ስም) ራሱ ይሠራል፤ ቁጥር የሌለውን ግን እናንተ ወይም የዴቭ ፓኬጁ (ለፕሮግራም ሠሪዎች የሚዘጋጀው) ነው የሚሠራው። ሶኔም ሳይሰጠው የተሠራን ላይብረሪ «./ቢልድ/ሊብዘመን.ኤስኦ» ብላችሁ ከነአድራሻው ለሊንከሩ ብትሰጡት፣ ኒድድ ላይ ያ ስላሽ ያለበት አድራሻ እንዳለ ይጻፋል። ከዚያ ፕሮግራሙ የሚነሣው ከዚያ ከተሠራበት ፎልደር ላይ ቆማችሁ ስትጠሩት ብቻ ይሆናል።

ፍላሽ የሚበድለው እነዚህን ሲምሊንኮች ነው። ብዙ ፍላሽ የሚፎርማተው በፋት32 ወይም በኤክስፋት ነው፤ ሁለቱም ሲምሊንክ አይዙም። ላይብረሪዎቹን ከነፎልደራቸው ፍላሽ ላይ ስትገለብጡ ወይ ሊንኩ «አይፈቀድም» ተብሎ ይቀራል፣ ወይ በሊንኩ ቦታ ሌላ ሙሉ ፋይል ይቀመጣል። ያ ሲሆን ኤልዲኮንፊግ «ሊብዘመን.ኤስኦ.1 ሲምሊንክ አይደለም» እያለ ያስጠነቅቃል፤ በኋላ አዲስ ቅጂ ስታመጡም ሎደሩ አሮጌውን መያዙን ይቀጥላል። የፋይሉ የመነሣት ፈቃድም መንገድ ላይ ይጠፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በታር አሽጋችሁ አንዱን የታር ፋይል ፍላሽ ላይ አድርጉ፤ ፍታታው ኤክስት4 (የሊኑክስ የዲስክ ፎርማት) ባለው ዲስክ ላይ ይሁን። ሊንኩም ፈቃዱም እንደነበረ ይወጣል።

ሶኔሙ ላይ ያለው ቁጥር ቃል ኪዳን ነው። ሊብዘመን.ኤስኦ.1 ቀን፣ ወር እና ዓመት የያዘ ስትራክቸር ይሞላል እንበል፤ እያንዳንዱ 4 ባይት፣ በድምሩ 12። ጠሪው ፕሮግራም ስታክ በሚባለው ጊዜያዊ የሜሞሪ ቦታ ላይ 12 ባይት አዘጋጅቶ አድራሻውን ይሰጣል። ላይብረሪውን የሚያድስ ሰው «የሳምንቱ ቀንም ይታከል» ብሎ አራተኛ ቁጥር ቢጨምርና ሶኔሙን 1 እንዳለ ቢተወው፣ ላይብረሪው 16 ባይት ይጽፋል። የመጨረሻዎቹ 4 ባይቶች የሚያርፉት ከተዘጋጀው ቦታ ቀጥሎ ባለው የሌላ ቫሪያብል ላይ ነው። ሎደሩ ይህን አያየውም፤ ስሙ ገጥሟል፣ ፋንክሽኑም ተገኝቷል። ምልክቱ ጳጉሜን 3 መሆን ያለበት ቀን ትክክል ሆኖ ወጥቶ አጠገቡ ያለው የደረሰኝ ቁጥር መበላሸቱ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ ሶኔሙ 2 መሆን አለበት፤ ያኔ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ አሮጌው ፕሮግራም 1ን፣ አዲሱ 2ን ይወስዳል።

ለዚህም ነው «የጎደለውን ስም ሲምሊንክ አድርግለት» የሚለውን ምክር አጥብቄ የምቃወመው። ለኡቡንቱ 20.04 የተሠራ፣ ኦፕንኤስኤስኤል የሚባለውን የምስጠራ ላይብረሪ የሚጠቀም ፕሮግራም ሊብኤስኤስኤል.ኤስኦ.1.1ን ይፈልጋል፤ 22.04 ላይ ያለው ሊብኤስኤስኤል.ኤስኦ.3 ነው። በ1.1 ስም ወደ 3 የሚያመለክት ሊንክ ብትሠሩ «ኦፕንኤስኤስኤል_1_1_0 የሚባለው ቨርዥን አልተገኘም» ይላችኋል። ይህ እንዲያውም ዕድለኛው ነው፤ ሲምቦሎቹ (የፋንክሽኖቹ ስሞች) ላይ ቨርዥን ስለተጻፈ ቶሎ ተያዘ። ቨርዥን የማይጽፍ ላይብረሪ ቢሆን ኖሮ ተነሥቶ በኋላ ነበር የሚያበላሸው።

ጂሊብሲ 2.34

በተለያዩ የኡቡንቱ ቅጂዎች መካከል ፕሮግራም ሲጓዝ የሚገጥመው ሁለተኛው ትልቅ ስህተት «ጂሊብሲ_2.34 አልተገኘም» የሚለው ነው። የሲ ላይብረሪው ፋይል ስም ለዓመታት ሊብሲ.ኤስኦ.6 እንደሆነ ቆይቷል፤ ለውጡ የሚመዘገበው በእያንዳንዱ ሲምቦል ላይ በሚለጠፍ ቨርዥን ነው። በአዲስ ሲስተም ላይ የተሠራ ፕሮግራም የአዲሱን ሲምቦል ቨርዥን ይዞ ይወጣል፤ አሮጌው ሲስተም ላይ ያ ቨርዥን የለም። በተቃራኒው ግን ይሠራል፦ አዲሱ ሊብሲ የአሮጌዎቹን ሲምቦሎች ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ኡቡንቱ 20.04 ያለው 2.31 ነው፣ 22.04 2.35፣ 24.04 2.39። በ2021 የወጣው 2.34 ደግሞ የተለየ ድንበር ነው። ፒትሬድ የሚባለውን የብቻ ላይብረሪ ወደ ሊብሲ ጨመረ፤ ሜይንን የሚያስጀምረው ሲምቦልም አዲስ ቨርዥን ተሰጠው። ስለዚህ 22.04 ላይ የተሠራ፣ «ሰላም» ብቻ ብሎ የሚያበቃ ፕሮግራም እንኳ 20.04 ላይ አይነሣም።

ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸውን ቨርዥኖች ለማየት «ኦብጅዳምፕ -ቲ» (ትልቁን ቲ) በሉና ጂሊብሲ የሚለውን በግሬፕ (ጽሑፍ በሚፈልገው ትእዛዝ) ለዩ፤ ከሁሉ ትልቁ ቁጥር ዝቅተኛው የሚያስፈልጋችሁ ሲስተም ነው። መፍትሔው ፕሮግራሙን ሊሠራባቸው ከሚገባቸው ማሽኖች ሁሉ በጣም አሮጌው ላይ ኮምፓይል ማድረግ ነው። ማሽኑ ባይኖራችሁ የዚያን ቅጂ ኮንቴይነር ወይም በዲቡትስትራፕ የተሠራ ሲኤችሩት፣ ማለትም በማሽናችሁ ውስጥ ለብቻው የተቀመጠ የአሮጌው ሲስተም ፎልደር፣ መጠቀም ትችላላችሁ።

አዲሱን ሊብሲ.ኤስኦ.6 ከሌላ ማሽን ገልብጦ በአሮጌው ላይ መጫን ግን ፈጽሞ አይሞከር። ሎደሩና ሊብሲ አብረው የተሠሩ፣ የውስጥ ሲምቦሎች የሚጋሩ ጥንድ ናቸው፤ አንዱ ብቻ ሲቀየር ኤልኤስም፣ ሲፒም (ፋይል ገልባጩ)፣ ሱዱም በአንድ ጊዜ ይቆማሉ። ይህ ተደርጎ ከሆነ ክፍት የሆነውን የሩት ተርሚናል አትዝጉት። አሮጌው ሊብሲ የሆነ ፎልደር ውስጥ ካለና ሎደሩ ካልተነካ፣ ሎደሩን ራሱን እንደ ፕሮግራም መጥራት ይቻላል፦ የሎደሩ ሙሉ አድራሻ፣ ቀጥሎ «--ላይብረሪ-ፓዝ» ከአሮጌው ፎልደር ጋር፣ ቀጥሎ /ቢን/ሲፒ ከነሥራው። በዚህ መንገድ አሮጌውን ወደ ቦታው መመለስ ይቻላል። ካልሆነ የቀረው በላይቭ ፍላሽ ተነሥቶ መጠገን ነው።

ሜሞሪው ላይ ምን ይሆናል?

ላይብረሪ ሲገኝ ሎደሩ ሙሉውን አንብቦ ሜሞሪ ላይ አይጭነውም። በኤምማፕ ያያይዘዋል፤ ገጾቹ፣ እያንዳንዳቸው 4096 ባይት፣ የሚመጡት ሲነኩ ነው። የኮዱ ገጾች የማይጻፍባቸው ስለሆኑ መቶ ፕሮግራም ቢከፈት ራም ላይ ያለው የሊብሲ ኮድ አንድ ቅጂ ነው። 2 ጊጋባይት ራም ባላቸው አሮጌ ማሽኖች ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የዳታው ገጾች ግን ፕሮግራሙ ሲጽፍባቸው ለየብቻ ይገለበጣሉ።

ኮዱ የጋራ ከሆነ አድራሻ ኮዱ ውስጥ ሊጻፍ አይችልም፤ ያው ላይብረሪ በእያንዳንዱ ፕሮግራም ውስጥ የሚቀመጥበት አድራሻ ይለያያልና። ስለዚህ አድራሻዎቹ የሚሰበሰቡት ጎት በሚባል ሠንጠረዥ ነው፤ ይህ የሚገኘው በግል ዳታ ገጽ ላይ ነው። ኮዱ ሠንጠረዡን እያየ ይጠራል። -ኤፍፒአይሲ የሚባለውን ስትረሱ ሊንከሩ «በኤፍፒአይሲ እንደገና ኮምፓይል አድርግ» የሚላችሁ ለዚህ ነው። ፋንክሽኖች ሲጠሩ ደግሞ ፒኤልቲ በሚባል መሸጋገሪያ ያልፋሉ፤ በሌዚ ባይንዲንግ የመጀመሪያው ጥሪ ወደ ሎደሩ ሄዶ አድራሻው ይፈለጋል፣ ጎት ላይ ይጻፋል፣ ከሁለተኛው ጀምሮ በቀጥታ ይሄዳል። ችግሩ የጎደለ ፋንክሽን የሚታወቀው ሲጠራ ብቻ መሆኑ ነው። ፕሮግራሙ በሰላም ይነሣና ተጠቃሚው «አትም» ሲል «ያልታወቀ ሲምቦል» ብሎ ይወድቃል። ፍላሹን ከመላካችሁ በፊት ኤልዲ_ባይንድ_ናውን 1 አድርጋችሁ አንዴ አስነሡት፣ ወይም «ኤልዲዲ -አር» በሉት፤ የጎደለው ሁሉ እዚያው ይወጣል።

ኤምማፕ አንድ ሌላ መዘዝ አለው። እየሠራ ባለ ሰርቨር ላይ ላይብረሪን በሲፒ ደርባችሁ አትገልብጡ። ሲፒ ያንኑ ፋይል ባዶ አድርጎ በላዩ ይጽፋል፤ የሚሠራው ፕሮግራም የያዘው ደግሞ ያንኑ ፋይል ነው። በመሀል የነካው ገጽ ከፋይሉ ከጠፋ ሲግባስ፣ ሌላ ኮድ ከሆነ ሴግፎልት ይመጣል፤ ሁለቱም ፕሮግራሙን የሚጥሉ ስህተቶች ናቸው። ፕሮግራም ፋይል ላይ ከርነሉ «ፋይሉ ሥራ ላይ ነው» ብሎ ይከለክላችኋል፤ ላይብረሪ ላይ ግን አይከለክልም። አዲሱን በሌላ ስም እዚያው ፎልደር ውስጥ አስቀምጡና በኤምቪ (ፋይልን በሚያዛውረው ትእዛዝ) ቀይሩት። ስሙ ወደ አዲሱ ፋይል ይዞራል፤ አሮጌው ፋይል የያዘው ፕሮግራም እስኪዘጋ ድረስ ዲስክ ላይ ይቆያል።

ሲያቅት የሚታየው

ኤልዲዲ የትኛው ስም የት እንደተገኘ፣ የቱ «አልተገኘም» እንደተባለ ያሳያል። ሊኑክስ-ቪዲኤስኦ የሚለው መስመር አድራሻ ባይኖረው አትደንግጡ፤ ከርነሉ ራሱ የሚያያይዘው ነው፣ ዲስክ ላይ ፋይል የለውም። ምንጩን በማታውቁት ፍላሽ ላይ ለመጣ ፕሮግራም ግን ኤልዲዲን አትጠቀሙ፤ አንዳንድ ጊዜ ፕሮግራሙን ራሱን ሊያስነሣው ይችላል። «ኦብጅዳምፕ -ፒ» ብላችሁ ኒድድ የሚለውን መለየት ምንም ሳያስነሣ ስሞቹን ይሰጣችኋል። «ሪድኤልፍ -ዲ» ደግሞ ሶኔሙን፣ አርፓዙንና ራንፓዙን ጭምር ያሳያል።

እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ኤልዲ_ዲበግን ነው። ዋጋውን «ሊብስ» አድርጋችሁ ፕሮግራሙን ስትጠሩት ሎደሩ የፈለገበትን እያንዳንዱን ፎልደር፣ ከየትኛው ደንብ እንዳመጣው፣ የሞከረውን ሙሉ አድራሻ መስመር በመስመር ያትማል። «ባይንዲንግስ» ካላችሁት ደግሞ የትኛው ፋንክሽን ከየትኛው ላይብረሪ እንደተያዘ ይነግራችኋል፤ ሁለት ላይብረሪ አንድ ዓይነት ስም ያለው ፋንክሽን ሲኖራቸው የሚያሸንፈው በደረጃው ቀድሞ የተገኘው ነውና እዚህ ላይ ይታያል። ምንም ተጨማሪ ነገር መጫን ስለማይፈልግ ኢንተርኔት የሌለው ማሽን ላይ ሁሉ ይሠራል።

የጎደለው ፓኬጅ ሆኖ ከተገኘ፣ ኢንተርኔት ባለበትና ተመሳሳይ የኡቡንቱ ቅጂና የቢት ልክ ባለው ማሽን ላይ «አፕት-ጌት ዳውንሎድ» ከፓኬጁ ስም ጋር ብላችሁ የዴብ ፋይሉን በፍላሽ ውሰዱ። የትኛው ፓኬጅ ያንን ፋይል እንደያዘ ለማወቅ «አፕት-ፋይል ሰርች» አለ።

ፕለጊን ያላቸው ፕሮግራሞች በሥራ መሀል በዲኤልኦፕን የሚጭኗቸው ላይብረሪዎች ኒድድ ላይ አይጻፉም፤ ስለዚህ ኤልዲዲ ላይ አይታዩም፣ ኤልዲ_ዲበግ ላይ ግን ይታያሉ። ኮዱን የምትጽፉት እናንተ ከሆናችሁ ዲኤልኦፕን ባዶ ሲመልስ ዲኤልኤረር የሚሰጠውን ጽሑፍ አትሙት፤ «ፕለጊኑ አልተጫነም» ብቻ ብሎ ዝም ማለት የሚረዳው ሰው የለም።

ዊንዶውስ ላይ ሐሳቡ ያው ነው፣ ስሞቹ ይለያሉ። ፋይሎቹ ዲኤልኤል ናቸው፤ በተለመደው አሠራር ፕሮግራሙ ራሱ ያለበት ፎልደር ከሲስተም32 ቀድሞ ይታያል። ቪሲራንታይም140.ዲኤልኤል የለም ሲላችሁ ፋይሉን ብቻውን ከማታውቁት ድረ ገጽ አታውርዱ፤ የማይክሮሶፍትን የቪዥዋል ሲ++ ሪዲስትሪቢዩተብል ጫኑ። 0ኤክስሲ000007ቢ የሚለው ስህተት አብዛኛውን ጊዜ የ32 እና የ64 ቢት መደባለቅ ነው። ስሙ ቢያሳስትም ሲስተም32 ውስጥ ያሉት የ64 ቢቶቹ ናቸው፤ የ32ቶቹ ሲስዋው64 ውስጥ ናቸው።

ሊኑክስ ሰርቨር ለምታስተዳድሩ አንድ ነገር ልጨምር። የደኅንነት አፕዴት ሊብኤስኤስኤልን ሲቀይር፣ ቀድሞ የተነሣ ሰርቪስ አሮጌውን ይዞ ይቀጥላል። በ2014 ሃርትብሊድ የሚባለው የኦፕንኤስኤስኤል የደኅንነት ቀዳዳ ሲወጣ ፓኬጁን አድሰው ሰርቪሱን ሪስታርት ያላደረጉ ሁሉ ቀዳዳው ክፍት ነበር። ከአፕዴት በኋላ «ሱዱ ግሬፕ -ኤል» ብላችሁ /ፕሮክ/*/ማፕስ ውስጥ «ዲሊትድ» የሚለውን ከላይብረሪው ስም ጋር ፈልጉ፤ የሚወጡት ቁጥሮች አሮጌውን የያዙ ፕሮሰሶች (በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞች) ናቸው። እያንዳንዱን ሰርቪስ በሲስተምሲቲኤል ሪስታርት አድርጉ። ዝርዝሩ ላይ ቁጥር 1 ካለ ሰርቪሶችን የሚያስነሣው ሲስተምዲ ራሱ ነው፤ እሱ የሚታደሰው «ሲስተምሲቲኤል ዴሞን-ሪኤግዜክ» ሲባል ነው። የተቀየረው ሊብሲ ከሆነ ግን ዝርዝሩ ሁሉንም ፕሮሰስ ስለሚያካትት ማሽኑን ሪቡት ማድረግ ይቀላል።